የእንሰት ቅጠልና የታምራት ፒክአፕ

የዲምቱ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ልጄን ታምራትን ሲያነሱ፣ «ጎበዝ መካኒክ ነው፤ ያን ቀን ግን በገዛ ስህተቱ እህቱን ወንዝ ውስጥ ሊያስቀራት ነበር» ይላሉ። እሱ ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት አንገት መድፋቱ ስለሰለቸኝ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደሌን የታምራት ሚስት አርማልኛለች፤ ነገሩን ግን እንዳለ ተይው ብያታለሁ።

ጊዜው ሞባይል እኛ ወደምንኖርበት ሶዶ ከገባ ብዙም ያልቆየበት ነበር። እኔ ያኔም ፈሪ ነበርኩ። ማታ በሩን ሦስት ጊዜ ሳላይ አልተኛም። ልጆቼ ከቤት ሲወጡ እስኪመለሱ ደጅ ደጁን አያለሁ። ባሌ ሹፌር ነበር። መኪና ይገድለዋል ብዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ስፈራ ኖርኩ፤ እሱ ግን ታሞ አልጋው ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ይቀንሳል ብዬ ነበር። ባሰብኝ። ሞት በጠበቅኩበት በኩል ካልመጣ፣ በሁሉም በኩል መጠበቅ አለብኝ ማለት ነው አልኩ።

ከእሱ የቀረን አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ነው። ከቤታችን ጀርባ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጣ አምስት ዓመት ቆማለች። ዶሮዎቼ ወንበሯ ላይ ይፈለፍሉ ነበር። ታምራት አዋሳ ጋራዥ ውስጥ ሙያውን ተምሮ ሲመለስ፣ መጀመሪያ ያደረገው ዶሮዎቹን ማስወጣት ነው። በሁለት ሳምንት ሞተሯን አስነሳ። ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ። እኔም ደስ አለኝ። አንድ ጠዋት ግን መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«እማ፣ መኪናዋን ከፍ ላደርጋት ነው።»

«ምን ማለት ነው ከፍ?»

«ከመሬት ላርቃት። ትልልቅ ጎማ ላስገባላት፣ ባሌስትራዋን ልቀይርላት። ጭቃና ድንጋይ እንዳይይዛት።»

«አባትህ እንዳለች ነው የነዳት። ከመሬት የራቀ ነገር ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

«ምን ይሆናል?»

«ይወድቃል።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ «አስቴር ያለችበትን መንገድ አይተሽዋል አይደል?» አለኝ።

በዚህ አሸነፈኝ። አስቴር የመጀመሪያ ልጄ ናት። ባሏ ማርቆስ አስተማሪ ነው፤ ከዲምቱ ወረድ ብሎ፣ ከአንድ ወንዝ ማዶ ባለ መንደር ያስተምራል። ሚኒባስ የሚደርሰው ዲምቱ ድረስ ነው። ከዚያ በእግር ነው። በክረምት በሽተኛ የሚወጣው በቃሬዛ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ቃሬዛውም አይሻገርም። አስቴር ደግሞ ያኔ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች።

«እሺ» አልኩት፤ «ግን እኔ የምለውን ሁሉ ታደርጋለህ።»

ያልኩት ብዙ ነው። ሁለት መለዋወጫ ጎማ፣ ወፍራም ገመድ፣ ከኋላ ሰው የሚይዘው ብረት፣ ብትገለበጥ ሰው የማይጨፈልቅ ማዕቀፍ። ብየዳውን የሚሠራው ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ነበር። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የተከሉት ሰው ነው፤ ምላሱ ከብየዳው እሳት ይብሳል። ብረቱ ቀጭን እንዳይሆን በየቀኑ እየሄድኩ ስነካካበት አንድ ቀን መነጽሩን አወለቀ።

«የታምራት እናት፣ ስለ አንቺ ስል ሁሉንም እጥፍ አድርጌዋለሁ። ከእንግዲህ ይህች መኪና ብትገለበጥ የሚጎዳው መሬቱ ነው።»

ሦስት ወር ሠሩባት። ባሌስትራ የሚሉትን ተደራራቢ ብረት አውጥተው ረዘም ያለ አስገቡ። ጎማው እንዳይነካ ከጭቃ መከላከያዋ ላይ ቆረጡ፤ ባሌ የቀባው ቀለም ሲቆረጥ ማየት አቅቶኝ ቤት ገባሁ። ጭስ ማውጫዋን ወደ ላይ አወጡት። ከፊት ወፍራም ብረት አሰሩላት። ከፍታዋ ሲያልቅ ላይዋ ለመውጣት እኔ በርጩማ ያስፈልገኝ ጀመር። መጨረሻ ላይ ከኮፈኑ ጎን የሚወጣ፣ ከፊት መስታወቱ አጠገብ ሽቅብ ሄዶ ከጣሪያው በላይ የሚያበቃ ቱቦ አሰሩላት። የሰፈሩ ሰው «ቀንድ አወጣች» አለ።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አልኩት ታምራትን።

«ለውሃ ነው፣ እማ» አለኝ። ከጋሽ ወልዴ ጋር ስለ አንድ ብሎን እየተጨቃጨቀ ነበር። «ክዳን ብቻ ነው የቀረው። ቅዳሜ እሠራለታለሁ።»

ከዚያ በላይ አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ዳሞታ ተራራ ጠቆረ። የተሰጣ ልብስ ላነሳ ስወጣ ዓይኔ ቱቦው ላይ አረፈ። አፉ ሰማዩን አይቶ ተከፍቷል። ክዳን የለውም። «ለውሃ ነው» ብሎኛል፤ ውሃ እንዳይገባባት ማለት ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት። ታዲያ እንዲህ ተከፍቶ ዝናቡ ዘሎ ሞተሯ ውስጥ ሊገባ አይደል? ታምራት ቤት አልነበረም።

እኛ ወላይታዎች አፉ የተከፈተ ዕቃ አይተን አናልፍም። የቅቤ ማሰሮ ቢሆን፣ የማር ገንቦ ቢሆን፣ እንሰት ቅጠል ነው መክደኛው። እናቴ እንዳስተማረችኝ አንድ ሙሉ ቅጠል ቆረጥኩ፤ እንዳይቀደድ እሳት ላይ አሳይቼ አለሰለስኩት። አጣጠፍኩት። ጎማው ላይ ወጥቼ፣ ኮፈኑን ተደግፌ፣ ቱቦው ውስጥ ወተፍኩት። በጡጫዬ ጠቀጠቅኩት። ዝናቡ ሲጀምር ቤት ገብቼ በሩን ሦስቴ አየሁ። በዚያ ቀን ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እሱ የተሻለው መስሎኝ ነበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት ገና ሳይሞላ ባለ ሱቋ ጎረቤታችን ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። የደወለው የማርቆስ መንደር ሰው ነው። ወንዙን በላይ በኩል በወደቀ ግንድ ላይ ተሻግሮ፣ ዲምቱ ድረስ ሮጦ ነው የደወለው። አስቴር ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። የመንደሩ ነርስ አይታት «ልጁ ተጋድሟል፣ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም አይተርፉም» ብላለች። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ይዘው ወንዙ ዳር ቆመዋል፤ መሻገር አልቻሉም።

ታምራት ጫማውን እንኳ በደንብ ሳያስር ሞተሯን አስነሳ። ፍራሽ ጫንኩ፣ ቆጮ በጨርቅ ቋጠርኩ፣ ነጠላዬን አነሳሁ። በርጩማዬ ላይ ቆሜ ስገባ ቱቦውን አየሁት። አፉ ባዶ ነው፤ ቅጠሉ የለም። ታምራት አንስቶታል ወይም ንፋስ ወስዶታል አልኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ቅጠሉ አላሰብኩም። ሞተሯ ስትነሳ ቱቦው ቅጠሉን ወደ ታች እንደዋጠው ከየት አውቃለሁ?

ከሶዶ እንደወጣን ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ አወጣች። ታምራት በመስታወቱ አየና ፊቱን ቋጠረ።

«ምን ሆነች?»

«ናፍጣው ቆሻሻ ሳይኖረው አይቀርም። ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ስለሆነ እንደርሳለን።»

«ቀስ በል።»

«እማ፣ አስቴር እኮ ናት።»

«ለዚህ ነው ቀስ በል ያልኩህ።»

ከዲምቱ በኋላ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሌላ መኪና ሆዱ የሚቀመጥበትን ጭቃ ያች ፒክአፕ እንደ በሬ እየረገጠች አለፈችው። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት በልጄ ኮራሁ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው ቡናማ ነበር። ታምራት ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ በዱላ ጥልቀቱን ለካ። ተመልሶ አራቱም ጎማ እንዲጎትት ፎር ዊል አስገባና፣ «ያዢ» አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ማዶ ነበርን።

አስቴር ቃሬዛው ላይ ተኝታለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ማርቆስ እንኳን ሰላም ሊለኝ አፉም አልተከፈተም። አንስተን ከኋላ ፍራሹ ላይ አስተኛናት። እኔ ራሷን ታቅፌ ተቀመጥኩ፤ ማርቆስ እግሯ ሥር። አራት ሰዎች ደግሞ መግፋት ቢያስፈልግ ብለው ብረቱን ይዘው ቆሙ።

ስንመለስ ግን የምንወጣው ዳገቱን ነው። ወንዙ መካከል ድረስ ደህና መጣች። የፊት ጎማዎቿ የዳርቻውን ድንጋይ ሲነኩ አቃሰተች። ጥቁር ጭስ ላያችን ላይ ፈሰሰ። አንዴ ነዘረችና ጸጥ አለች።

የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ። የኋላ ጎማዎቿ ከግማሽ በላይ ውሃ ውስጥ ናቸው።

ታምራት ቁልፉን አዞረ። እንደ ሰው ሳለች፣ ጠፋች። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ የናፍጣውን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ። እንደገና ሳለች፣ እንደገና ጠፋች። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌ ሰው፣ ወደ ላይ በኩል ጥቁሩን ሰማይ እያየ በወላይትኛ፣ «ይህ ወንዝ እዚህ ሳይዘንብ ነው ሞልቶ የሚመጣው፤ ፍጠኑ» አለ። ሰዎቹ ወርደው ገፉ። አልተነቃነቀችም።

የሚናገረው ማርቆስ ሳይሆን ፍርሃቱ ነበር። «ቆራርጠህ ቆራርጠህ! የአባትህን መኪና እንደነበረች ብትተዋት ምን ነበረበት? አሁን ሚስቴን ወንዝ መሃል አምጥተህ…»

«ማርቆስ!» አልኩ።

«ይተዉኝ፣ እማማ! እርስዎም እኮ ‹አይሆንም› ሲሉት ነበር!»

እውነት ነው፤ ስል ነበር። አስቴር እጄን ያዘች። «እማ… ታሜ ላይ አትጩሁ በያቸው» አለች።

ታምራት ቀና አላለም። ዘይት በነካው እጁ ግንባሩን ጠረገና ለማርቆስ በዝግታ፣ «ልክ ነህ። የሆነ ያበላሸሁት ነገር አለ። የቱ እንደሆነ ነው ያጣሁት» አለው። ከዚያ ለራሱ ይመስል፣ «ናፍጣ አላት፣ ባትሪ አላት። ያጣችው ትንፋሽ ነው። ቱቦው ደግሞ ክፍት ነው፤ አፉን አይቻለሁ» አለ።

ትንፋሽ። ያ ቱቦ አፍንጫዋ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ውሃ ውስጥ ስትገባ ከውሃው በላይ የምትተነፍስበት። በጡጫዬ ጠቅጥቄ የደፈንኩት።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር። ወዲያው ተናገርኩ ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ወዲያው አልተናገርኩም። አንድ ምጥ መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ ዝም አልኩ። አስቴር እጄን ጨምቃ ጥርሷን ነክሳ ስታምጥ፣ እኔ አማቼን አየሁ፣ ሰዎቹን አየሁ፣ የልጄን ጀርባ አየሁ። ሦስት ወር ሙሉ «ትገለበጣለህ፣ ትወድቃለህ» ስለው የከረምኩ እኔ፣ መኪናዋን ያነቅኋት እኔ መሆኔን እንዴት ልበል? ምናልባት ራሱ ያገኘዋል አልኩ። ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል አልኩ። ምጡ ሲለቃት አስቴር ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ያኔ አፈርኩ፤ ቅጠሉን በመወተፌ ሳይሆን ዝም በማለቴ።

«ታሜ! ና ወደዚህ።»

ውሃውን እየሰነጠቀ መጣ። ጆሮውን ወደ አፌ ሳብኩት።

«ቱቦው ውስጥ ቅጠል አለ። እኔ ነኝ የወተፍኩት። ትናንት፣ ዝናብ እንዳይገባባት ብዬ።»

አየኝ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን የጠየቀኝ፣ «ምን ያህል ነው?» ብቻ ነው።

«አንድ ሙሉ ቅጠል። በእሳት ያለሰለስኩት።»

«የእንሰት?»

«የእንሰት።»

ከንፈሩ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ ጮኸ፤ «አገኘሁት! ቱቦው ውስጥ ቅጠል ገብቷል! ክዳን ሳልሠራለት መውጣቴ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው!»

አፌን ከፈትኩ። ሳያየኝ፣ «እማ፣ የአስቴርን ራስ ደግፊ» አለኝ።

ቱቦው ከኮፈኑ ጋር የሚገናኝበትን ማሰሪያ ፈትቶ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። መጀመሪያ ቁራጭ ወጣ። ሽቦ አጥፎ እንደገና ገባ። ሲጎትተው ጠቁሮ፣ ተጠምዝዞ፣ እንደ እባብ እየረዘመ ወጣ። ከሰዎቹ አንዱ፣ «ይህ ንፋስ ያመጣው ነው? ንፋሱ ማጠፍም ያውቃል!» አለ። ታምራት ቅጠሉን ፈጥኖ ውሃው ላይ ወረወረው፤ ወንዙ ይዞት ሄደ።

ቁልፉን ሲያዞር እስትንፋሴን ያዝኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳለች። ከዚያ አገሣች። ሰዎቹ ገፉ፣ ጎማዎቹ ድንጋዩን ነከሱ፣ ዳገቱን በጥርሷ እንደያዘች ወጣች። ቃሬዛውን ይዘው የቀሩት ሰዎች በኋላ እንደነገሩን፣ ከእግራቸው ጭቃውን ሳይታጠቡ ወንዙ ሞልቶ መጣ፤ ቆመንበት የነበረውን ድንጋይ ዋጠው።

ሶዶ ኦቶና ሆስፒታል ስንደርስ ቀኑ ገና ስድስት ሰዓት ነበር። አስቴርን ወዲያው ይዘዋት ገቡ። ማርቆስ በሩ ላይ ቆመ፤ እኔና ታምራት ውጪ ዛፉ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ቆጮውን ፈታሁ፤ አንዳችንም አልነካነውም።

«ለምን ዋሸህ?» አልኩት።

«አልዋሸሁም። ክዳን አልሠራሁለትም። ቱቦው ምን እንደሆነም አልነገርኩሽም። ‹ለውሃ ነው› ብዬሽ ሄድኩ።»

«እኔስ መች ጠየቅኩህ?»

እጁን አየ። ዘይቱ ጥፍሩ ውስጥ ገብቷል። «አትጠይቂማ። በጠየቅሽ ቁጥር ‹እማ ደግሞ ፈራች› እያልን እንስቃለን። እኛ ነን መጠየቅ ያስተውንሽ።»

የፈታሁትን ቆጮ መልሼ ቋጠርኩ። ማርቆስ ከበሩ ሲዞር አየነው፤ እየሮጠ ነበር፣ እያለቀሰም ነበር። ሁለታችንም ብድግ አልን። «ሴት ናት!» አለ፤ «ሁለቱም ደህና ናቸው!» ከዚያ ታምራት እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ታምራት አንገቱን ይዞ አነሳው። «ተው፣ ልጅህን ያመጣት አማትህ ናት» አለው። ማርቆስ እንደ ቀልድ ወሰደው።

ለአስቴር ሳምንት ሳይሞላ ነገርኳት። «ያን ቀን እጄን አልለቅ ስትይ ለኔ ፈርተሽ መስሎኝ ነበር» አለች። «ለአንቺም ነበር» አልኳት። ሕፃኗን አንስታ እቅፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ለዲምቱ ሰዎች ግን ማንም አልነገራቸውም። ያች ሕፃን ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ ልጄም እስከ ዛሬ የኔን ቅጠል ተሸክሞ ይኖራል። እንግዲህ እወቁት። ያቺን መኪና ቆርጦና ሰቅሎ እህቱን ያተረፈው ታምራት ነው። ቅጠሉ የኔ ነበር፤ ዝምታውም የኔ ነበር።

ፈሪ ለሆናችሁ እናቶች አትፍሩ አልላችሁም፤ እኔም አልተውኩም። በሩን አሁንም ሦስቴ አያለሁ። አሁን ግን የማላውቀውን ነገር ከመክደኔ በፊት እጠይቃለሁ፣ ቢስቁብኝም። ልጆች ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ፣ እናታችሁ «ይሄ ምንድን ነው?» ስትል ሁለት ቃል ጨምሩላት።

ታምራት ለቱቦው ክዳኑን በዚያው ቅዳሜ ሠራለት፤ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ማጠፊያ ያለው። እሱ አንድ ጊዜም ሲፈትሸው አላየሁም። ወደ ቆላ ለመውረድ ሲነሳ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና፣ ሞተሯን ሳያስነሳ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እማ፣ አፏ ክፍት ነው?» ይለኛል። በርጩማዬን አቅርቤ፣ ጎማው ላይ ወጥቼ፣ ክዳኑን ገልብጬ እጄን እስከ ክርኔ እከታለሁ። ቀዝቃዛ ብረት ብቻ ነው የምነካው።

«ክፍት ነው» እለዋለሁ፤ «ሂድ።»